አስተባባሪ ሲቀየር ምን ይቀየራል? የፊላደልፊያ ኢግልስ ጥቃት ከ2023 እስከ 2025

ጃንዋሪ 15 ቀን 2024 ታምፓ ላይ የተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ 32 ለ 9 ሲያልቅ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድን የሆነው የፊላደልፊያ ኢግልስ ደጋፊዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ቡድኑ ሲያጠቃ ምን እንደሚጫወት መርጦ የሚጠራው አሰልጣኝ፣ የማጥቃት አስተባባሪው፣ መቼ ይነሳል? ቡድኑ ከሰባት ሳምንት በፊት 10 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ የሊጉ ቁንጮ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ካደረጋቸው ሰባት ግጥሚያዎች ስድስቱን ተሸነፈ። የደጋፊው ክስም የታወቀ ነው፦ ጥሪው ይታወቃል፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ቀጥሎ የሚመጣውን መናገር ከቻለ ተከላካዩ እንዴት ይሳነዋል?

ይህ ጽሑፍ ያንን ክስ መርምሮ አስተባባሪ መቀየሩ የትኛውን ክፍል እንዳስተካከለና የትኛውን እንዳላስተካከለ ያሳያል። ኢግልስን የመረጥነው በተከታታይ ሦስት ዓመታት ሦስት አስተባባሪዎች ስለተፈራረቁበት ነው፤ ዋና አሰልጣኙና ኳርተርባኩ (ጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመራው ወርዋሪ) ግን አልተቀየሩም። ስለዚህ የአስተባባሪው ድርሻ ከሌላው ተነጥሎ የሚታይበት ዕድል ከሌሎች ቡድኖች ይልቅ እዚህ የተሻለ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥሪው ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል

በአሜሪካ እግር ኳስ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከአንዱ ሙከራ ወደሚቀጥለው የሚቆጥረው ሰዓት 40 ሰከንድ ነው። አስተባባሪው ከሜዳው ዳር ወይም ከላይ ከታዛቢዎች ክፍል ሆኖ ቅንብሩን (በሚቀጥለው ሙከራ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያደርገውን) ይመርጣል፤ ጥሪው በሬዲዮ ወደ ኳርተርባኩ የራስ ቁር ይገባል። ሰዓቱ 15 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ሬዲዮው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ማለትም የተከላካዩን አቋም አንብቦ ጥሪውን መለወጥ፣ ጥበቃውን ማስተካከል፣ ተጫዋች ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ፣ የኳርተርባኩና የሴንተሩ (ኳሱን ለኳርተርባኩ አሳልፎ ሙከራውን የሚያስጀምረው ተጫዋች) ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ደጋፊ የማያስተውለው ነገር አለ። ጥሪው ዘግይቶ ከመጣ ወይም ቡድኑ ከምክክሩ ክብ ዘግይቶ ከወጣ ሰዓቱ 8 ወይም 7 ሰከንድ ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ ሪሲቨርን (ውርወራ ተቀባዩን) ከግራ ወደ ቀኝ አስሩጦ የተከላካዩን ምላሽ ለማየት ጊዜ የለም። ወረቀቱ ላይ እንቅስቃሴ ያለው ቅንብር ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጀመር ቅንብር ይሆናል። ስለዚህ «ለምን ሰው አያንቀሳቅሱም» የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ መልሱ የሚገኘው ከሃሳብ እጥረት ሳይሆን ከሰዓት አጠቃቀም ነው።

ተከላካዩ ቡድን ደግሞ የተጋጣሚውን የቅርብ ግጥሚያዎች ፊልም አውርዶ እያንዳንዱን ቅንብር ይመዘግባል፦ ስንተኛው ሙከራ፣ ስንት ያርድ ቀረ፣ ስንት ሪሲቨር ሜዳ ላይ አለ፣ ሩኒንግ ባኩ (ኳሱን ይዞ የሚሮጠው) በየትኛው ጎን ቆመ። ቁጥሩ አንድ ወገን ላይ ካጋደለ ምልክት ይሆናል። ከአንድ አሰላለፍ ከተነሱ 20 ቅንብሮች 16ቱ ሩጫ ከሆኑ ተከላካዩ ያንን አሰላለፍ ሲያይ ከኳሱ መነሳት በፊት አንድ እርምጃ ወደፊት ይመጣል። በዚህ ጨዋታ አንድ እርምጃ ማለት በ4 ያርድ ሩጫና በ1 ያርድ ሩጫ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በ2023 የነበሩት ምልክቶች

በ2022 ኢግልስ 14 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ) ደርሶ ነበር፤ በካንሳስ ሲቲ ቺፍስ 38 ለ 35 ተረታ። ጥሪውን ይዞ የነበረው ሼን ስታይከን ወዲያው የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። የኳርተርባኮች አሰልጣኝ የነበረው ብራያን ጆንሰን ወደ ቦታው አደገ። ይዞት የተነሳው ሥርዓት የራሱ አልነበረም፤ የዋና አሰልጣኙ የኒክ ሲሪያኒ ነበር፤ ስታይከንም በዚያው ሥርዓት ውስጥ ነው ያሸነፈው። ፍርዱ ፍትሐዊ እንዲሆን ይህ መታወስ አለበት።

የመጀመሪያው ምልክት አሰላለፉ ነበር። ኢግልስ ኳሱን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በሾትገን ነበር የሚያስጀምሩት፤ ኳርተርባኩ ከሴንተሩ 5 ያርድ ያህል ወደኋላ ቆሞ ኳሱን በአየር ይቀበላል፣ ሩኒንግ ባኩ ጎኑ ይቆማል። ከዚህ አቋም በተለመደው የሩጫ ቅንብር ሩኒንግ ባኩ በኳርተርባኩ ፊት አቋርጦ ነው የሚሮጠው። በግራ ከቆመ ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ከቆመ ወደ ግራ። ተከላካዩ ሩጫ ይሁን ውርወራ ባያውቅም፣ ሩጫ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ግን አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ሩኒንግ ባኩን ከኳርተርባኩ ጀርባ ማቆም፣ ወይም ኳርተርባኩን ከሴንተሩ እጅ ስር ማስጠጋት ይህን ያጠፋዋል፤ ሁለቱም ጎኖች ክፍት ይሆናሉና።

ሾትገኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ራሱ መሮጥ ስለሚችል በጠርዝ ያለውን ተከላካይ ሳያግዱ በመተው ያስጨንቁታል፤ ኳርተርባኩን ልያዝ ወይስ ሩኒንግ ባኩን? ያ ተከላካይ ቆሞ ሲያመነታ አጥቂው አንድ ሰው ይተርፈዋል። በ2022 ይህ ስሌት ሊጉን አስጨንቆ ነበር። በ2023 ኸርትስ ጉልበቱን እየታመመ ሲጫወት ጠርዙ ላይ ያለው ሰው ማመንታቱን ተወ፤ የተረፈውም ሰው ጠፋ። ቅንብሩ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ረከሰ።

ሁለተኛው ምልክት በውርወራው ላይ ነበር። ቡድኑ በ2023 ከስናፕ (ኳሱ ከሴንተሩ ከሚነሳበት ቅጽበት) በፊት ሰው በማንቀሳቀስ ከሊጉ ዝቅተኞች አንዱ ነበር። የእንቅስቃሴው ጥቅም ጌጥ አይደለም፦ የተንቀሳቀሰውን ሪሲቨር አንድ ተከላካይ ተከትሎ ከሮጠ ሰው በሰው መያዛቸውን ይናገራል፤ ተከላካዮቹ በቦታቸው ሆነው ትንሽ ከተሸጋሸጉ ደግሞ ቀጠና መያዛቸውን። ያለ እንቅስቃሴ ኸርትስ ይህን ከስናፕ በኋላ፣ ኳሱን ይዞ፣ ተከላካይ እየመጣበት ማንበብ ነበረበት። የሪሲቨሮቹም መስመሮች እርስ በርስ አይገናኙም ነበር፤ ኤ.ጄ. ብራውን በአንድ ጠርዝ፣ ዴቮንታ ስሚዝ በሌላው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቀጥ ብሎ ይሮጣል ወይም 5 እና 6 ያርድ ላይ ቆሞ ይዞራል። ሰውን በሰው የሚያጋጩ የተጠላለፉ መስመሮች፣ በመካከለኛው ሜዳ የሚያቋርጡ መስመሮች ጥቂት ነበሩ። ብራውንና ስሚዝ በጉልበትና በችሎታ ሲያሸንፉ ችግሩ አይታይም፤ ሳያሸንፉ ግን ኸርትስ የሚወረውርለት ሁለተኛ መልስ የለውም።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ከሁሉም የከፋው፣ የብሊትዝ (ከተለመደው በላይ ተከላካዮችን በኳርተርባኩ ላይ የመላክ) ጉዳይ ነው። አምስት ሰው የሚጠብቀውን ኳርተርባክ ስድስት ሰው ከመጣበት አንዱ ያለ ከልካይ ይደርሳል። ለዚህ የታወቀ መልስ አለ፤ ወይ ሩኒንግ ባኩ ወይም ታይት ኤንዱ (መጠበቅም መቀበልም የሚችለው ተጫዋች) ቀርቶ ይጠብቃል፣ ወይም አንድ ሪሲቨር መስመሩን አሳጥሮ ለብሊትዝ የመጣው ተከላካይ በለቀቀው ባዶ ቦታ ላይ ወዲያው ይዞራል። የኢግልስ ቅንብሮች ግን ብዙ ጊዜ ሪሲቨሮቹን በሙሉ ወደ ጥልቅ ይልኩ ነበር። የታምፓ ቤይ ባካኒርስ ዋና አሰልጣኝ ቶድ ቦውልስ ደግሞ በብሊትዝ የኖረ ሰው ነው። ውጤቱ በዚያ ምሽት ታየ፤ ኢግልስ በሦስተኛ ሙከራ 9 ጊዜ ሞክረው አንዱንም አላሳኩም፣ በሦስተኛው ሩብ ኸርትስ በገዛ የመጨረሻ ቀጠናው ውስጥ ከጫና ለማምለጥ ኳሱን በመጣሉ ሴፍቲ (ለተጋጣሚ ነጥብ የሚያሰጥ ቅጣት) ተፈረደበት። ብራውን በጉልበት ጉዳት ምክንያት በዚያ ግጥሚያ አለመሰለፉም አይዘነጋ።

ጥሪው ራሱ የተሳሳተበትን ለማየት ዲሴምበር 18 ሲያትል ላይ የተደረገውን ግጥሚያ ማንሳት ይበቃል። ሲሆክስ 28 ሰከንድ ሲቀር 20 ለ 17 መርተዋል። ኢግልስ ለማቻቻል ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ 3 ነጥብ የሚያስገኝ) ይበቃቸዋል፤ 15 እና 20 ያርድ የሚገፉ ሁለት አጭር ውርወራዎች ማለት ነው። ኸርትስ ግን ለብራውን ረጅም ኳስ ወርውሮ ጁሊያን ላቭ ወሰደበት። ያው ላቭ በዚያው ሩብ አንድ ሌላ ረጅም ኳስ ወስዶበት ነበር። ኸርትስ በ2022 6 ብቻ የነበረው ኢንተርሴፕሽኑ (በተጋጣሚ የተወሰደበት ውርወራ) በ2023 15 ደረሰ።

በዚህ ሁሉ ላይ ደጋፊው የዘለለው አንድ ነገር አለ። በመከላከሉም በኩል ቤቱ እየፈረሰ ነበር። የመከላከል አስተባባሪው ሾን ዴሳይ በዲሴምበር ጥሪውን ተነጥቆ ለማት ፓትሪሺያ ተሰጠ፤ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ቡድኑ በ17 ግጥሚያ 428 ነጥብ አስተናገደ። አጥቂው ገና ሜዳ ሳይገባ ቡድኑ በ14 ነጥብ ሲቀደም ጥሪው ወደ ውርወራ ይጠብባል፤ የጠበበ ጥሪ ደግሞ ይነበባል።

ኬለን ሙር ምን ይዞ መጣ

ጆንሰን ተሰናበተና በዚያው ጃንዋሪ ኬለን ሙር ተቀጠረ። ሙር ከ2019 እስከ 2022 የዳላስ ካውቦይስ አስተባባሪ ነበር፤ በ2021 ዳላስ በነጥብ ከሊጉ አንደኛ ወጥቷል። በ2023 በሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ሠራ። ለደጋፊው ተስፋ የሰጠው ዋናው ነገር ከውጭ መምጣቱ ነው፤ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ የቃላት ስብስብ፣ ከስናፕ በፊት የማንቀሳቀስ ልማድ ነበረው።

ከእሱ ጋር ግን ሌሎች ሦስት ለውጦች መጡ፤ እነዚህን ከእሱ ሥራ ሳይለዩ ማውራት ትልቁ የትንተና ስህተት ነው። ሩኒንግ ባኩ ሴይኳን ባርክሊ በማርች 2024 ከኒው ዮርክ ጃያንትስ በ3 ዓመት የ37.75 ሚሊዮን ዶላር ውል መጣ። ሴንተሩ ጄሰን ኬልሲ ጡረታ ወጥቶ ካም ጀርገንስ ተተካ፤ በቀኝ ጋርድ (ከሴንተሩ ጎን ያለው የፊት መስመር ቦታ) ደግሞ ከዚያ በፊት ታክል (የመስመሩ ጠርዝ) የነበረው ግዙፉ ሜካይ ቤክተን ገባ፤ የመስመሩ አሰልጣኝ ጄፍ ስታውትላንድ አሠለጠነው። ሦስተኛው ቪክ ፋንጂዮ ነው፤ መከላከሉን ተረከበ።

የመጀመሪያው ወር ተስፋውን የሚያጸና አልነበረም። ሳኦ ፓውሎ ላይ ግሪን ቤይ ፓከርስን 34 ለ 29 አሸነፉ፤ ባርክሊ ሦስት ታችዳውን (ኳሱን ወደ መጨረሻው ቀጠና ማስገባት) አገባ። ቀጥሎ አትላንታ ፋልከንስ 22 ለ 21 አሸነፉዋቸው። ይህ ግጥሚያ ለዚህ ጥናት ከሱፐር ቦውሉ የበለጠ ያስተምራል።

ኢግልስ 18 ለ 15 እየመሩ ከ2 ደቂቃ ያነሰ ቀርቷል፤ ሦስተኛ ሙከራ፣ 3 ያርድ የቀረው፣ ከፋልከንስ የግብ መስመር 10 ያርድ ላይ። ፋልከንስ የቀራቸው የእረፍት ጥያቄ የለም። ሁሉም ሰው ሩጫ ጠብቋል፤ ምክንያቱም ሩጫው ባይሳካም ሰዓቱ 40 ሰከንድ ያህል ይበላል። ሙር ውርወራ ጠራ። ጥሪው ተከላካዩን አታለለ፤ ባርክሊ ብቻውን ቀረ፣ ኳሱ እጁ ላይ ደረሰ፣ ከእጁም ወደቀ። ሰዓቱ ቆመ፤ ፊልድ ጎል ገባ፤ ፋልከንስ በቀረው ጊዜ ሜዳውን አቋርጠው አሸነፉ። ለአንድ ዓመት «የማይጠበቅ ጥሪ» ሲጠይቅ የከረመው ደጋፊ በማግስቱ «እዚያ ላይ እንዴት ሩጫ አይጠራም» አለ። ሁለቱም አቋም ምክንያት አለው። ሩጫው ሰዓት ይበላል፤ ውርወራው ከተሳካ ግጥሚያውን ይዘጋዋል። እኛ ሩጫውን እንመርጥ ነበር፤ ነገር ግን ያ ጥሪ የተነበበ ጥሪ አልነበረም፣ የከሸፈውም በእጅ ነው። ጥሪንና አፈጻጸምን ለይቶ የማይመዘግብ ሰው ከዚህ ግጥሚያ የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ይወጣል።

በአራተኛው ሳምንት ታምፓ እንደገና 33 ለ 16 አሸነፈ። ኸርትስ በአራት ግጥሚያ 7 ጊዜ ኳስ ለተጋጣሚ አስረክቧል። ቡድኑ 2 አሸንፎ 2 ተሸንፏል። በዚያ ሽንፈት ብራውን፣ ስሚዝና የቀኝ ታክሉ ሌን ጆንሰን አልተሰለፉም ነበር።

የእረፍት ሳምንቱ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። በሊጉ በእረፍት ሳምንት አሰልጣኞች የራሳቸውን ፊልም እንደ ተጋጣሚ ሆነው ይመረምራሉ፤ ከየትኛው አሰላለፍ ምን ያህል ሩጫ እንደጠሩ፣ በየትኛው ሙከራ ወደየት እንዳጋደሉ ቆጥረው ምልክቱን ለማጥፋት ይሠራሉ። ከእረፍቱ በኋላ የታየው ግን ብዙዎች የጠበቁት የቅንብር ብዛት አልነበረም። ሩጫው ጨመረ፣ ውርወራው ቀነሰ፣ ኳሱ ተጠበቀ። ኸርትስ ከዚያ በኋላ በመደበኛው ውድድር አንድ ኢንተርሴፕሽን ብቻ ወረወረ፤ የዓመቱ ድምር 5 ሆነ። ቡድኑ 10 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፈ።

ቁጥሮቹን እንመልከት። በ2024 ኢግልስ 621 ጊዜ ሮጡ፤ ከሊጉ አንደኛ። 448 ጊዜ ወረወሩ፤ ከሊጉ መጨረሻ። በሩጫ 3,048 ያርድ ተገኘ፤ ባርክሊ ብቻውን በ345 ሩጫ 2,005 ያርድ። ከድርሻ አንጻር ካየነው ይህ በሊጉ ውስጥ ለመገመት በጣም ቀላል የሆነው ቡድን ነው! ተከላካዩ ሩጫ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጆርዳን ማይላታ፣ ላንዶን ዲከርሰን፣ ጀርገንስ፣ ቤክተንና ሌን ጆንሰን ከፊት ሲገፉ ማወቁ አልጠቀመውም። በኖቬምበር ሎስ አንጀለስ ራምስ ላይ ባርክሊ 255 ያርድ ሮጠ፤ ሁለቱ ሩጫዎች 70 እና 72 ያርድ ነበሩ።

በመጀመሪያው ሩብ ግን የታየው ችግር እውነተኛ ነበር። አስተባባሪዎች የመክፈቻዎቹን 15 ያህል ቅንብሮች በሳምንቱ ውስጥ አስቀድመው ይጽፋሉ። ኢግልስ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ግጥሚያዎች በመጀመሪያው ሩብ አንድ ነጥብ አላገቡም። ይህ በቀጥታ የአስተባባሪው ዝግጅት ነው፤ በሙር ላይ የሚነሳ ትችት ካለ እዚህ ላይ ነው መነሳት ያለበት። በጃንዋሪ ያ ተገለበጠ፤ በኤንኤፍሲ ፍጻሜ (ወደ ሱፐር ቦውል በሚያሳልፈው ግጥሚያ) ከዋሽንግተን ኮማንደርስ ጋር በመጀመሪያው ቅንብር ኳሱ ወደ ጠርዝ ተጥሎለት ባርክሊ 60 ያርድ ሮጦ አገባ። ግጥሚያው 55 ለ 23 አለቀ።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ኒው ኦርሊንስ ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል ደግሞ የሙር ትክክለኛ ዋጋ ታየ። ቺፍስ ባርክሊን ለማቆም ቆርጠው መጡ፤ ተሳካላቸውም፤ በ25 ሩጫ 57 ያርድ። በ2023 ቢሆን ኢግልስ እዚህ ላይ ይጨርሱ ነበር። ኸርትስ 22 ወርውሮ 17ቱን አሳካ፣ 221 ያርድ፣ ሁለት ታችዳውን፤ በእግሩም 72 ያርድ ሮጠ። 40 ለ 22። የጠበቡበትን በር ትቶ በሌላው መግባት ማለት ይህ ነው።

ስንቱ የአስተባባሪው ነው?

በ2023 ኢግልስ በመደበኛው ውድድር 433 ነጥብ አገቡ፤ በአማካይ 25.5። በ2024 463 አገቡ፤ 27.2። ልዩነቱ በግጥሚያ ከ2 ነጥብ ያነሰ ነው። የተስተናገደው ነጥብ ግን ከ428 ወደ 303 ወረደ፤ በግጥሚያ ከ7 ነጥብ በላይ። እንግዲህ ከ11 ድል ወደ 14 ድልና ወደ ዋንጫ ከወሰደው ለውጥ ትልቁ ድርሻ የፋንጂዮ ነው ብንል ቁጥሩ ይደግፈናል። በአጥቂው በኩል ደግሞ ባርክሊና የፊት መስመሩ ከጥሪው በፊት ይቀመጣሉ። የሙር ድርሻ ኳስ አለማስረከብ፣ ለብሊትዝ መልስ መኖር፣ ሩጫው ሲዘጋ ሌላ መንገድ መያዝ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ደጋፊው የጠበቀው ተአምር ግን አይደለም።

2025 ይህን ንባብ የሚያጠናክር ይመስለናል። ሙር ከሱፐር ቦውሉ ሁለት ቀን በኋላ የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ኢግልስ ከውስጥ ኬቨን ፓቱሎን አሳደጉ፤ ከሲሪያኒ ጋር ለዓመታት የሠራ፣ የውርወራው ጨዋታ አስተባባሪ የነበረ ሰው። ልክ እንደ ብራያን ጆንሰን። ቤክተን ወደ ቻርጀርስ ሄዶ ታይለር ስቲን ተተካ፤ ዲከርሰንና ጀርገንስ ከጉዳት ጋር እየታገሉ ተጫወቱ፤ ሌን ጆንሰን በኖቬምበር እግሩን ተጎድቶ የቀረውን ዘመን አጣው። የፊት መስመሩ መግፋት ሲያቅተው ያው የታወቀ ሩጫ የታወቀ ውድቀት ሆነ። የባርክሊ 2,005 ያርድ ወደ 1,140 ወረደ።

የጥሪውም ችግር ነበረ፣ አንሸሽገውም። ኦክቶበር 5 ከዴንቨር ብሮንኮስ ጋር 17 ለ 3 ሲመሩ የነበሩት ኢግልስ 21 ለ 17 ተሸነፉ፤ ባርክሊ በሙሉ ግጥሚያው 6 ጊዜ ብቻ ሮጠ። መሪነት ይዞ ሰዓት የሚበላውን መሣሪያ መተው በፊት መስመሩ ጉዳት አይሳበብም። ከዳላስ ጋር 21 ለ 0 መርተው 24 ለ 21 ተሸነፉ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2026 በሜዳቸው ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር 13 ለ 10 እየመሩ እረፍት ወጥተው በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ፊልድ ጎል ብቻ አገቡ፤ 23 ለ 19 ተሰናበቱ። ፓቱሎ በቀናት ውስጥ ከቦታው ተነሳ። በኖቬምበር ቺካጎ ቤርስ ካሸነፏቸው በኋላ ቤቱ በእንቁላል የተደበደበበት ድርጊት ግን ነውር ነው። የሰው ቤተሰብ ያለበትን ቤት የሚነካ ደጋፊ ስለ ጥሪ የሚናገረው ነገር ሊሰማ አይገባውም።

ራስዎ ሲቆጥሩ

ጥሪው ይታወቃል የሚል ሰው ማስረጃውን በአንድ ወረቀት ማግኘት ይችላል። ዘዴው ለማንኛውም ቡድን ይሠራል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ የኮማንደርስ ተከታታዮችም፣ በምዕራብ ፊላደልፊያ ያላችሁም፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ እሁድ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት የሚጀምረውን የምትከታተሉም እኩል ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ሰባት ዓምድ ይስመሩ፦ ስንተኛ ሙከራና የቀረው ያርድ፣ የሩኒንግ ባክና የታይት ኤንድ ብዛት፣ ኳርተርባኩ የቆመበት (ከሴንተሩ ስር ወይስ ሾትገን)፣ ሩኒንግ ባኩ የቆመበት ጎን፣ እንቅስቃሴ አለ ወይስ የለም፣ ሩጫ ወይስ ውርወራና አቅጣጫው፣ የተገኘው ያርድ። አንድ ቡድን በግጥሚያ 60 እና 65 ያህል የጥቃት ቅንብር ያካሂዳል። በቀጥታ ሥርጭት ላይ ለመመዝገብ አይሞክሩ፤ ካሜራው ሪሲቨሮቹን ይቆርጣቸዋል፣ ድግግሞሽ ሲያሳይም ቀጣዩን አሰላለፍ ያሳልፍዎታል። ሙሉውን ሜዳ ከላይ የሚያሳየው ፊልም ከግጥሚያው በኋላ በሊጉ የክፍያ አገልግሎት ላይ ይገኛል።

ከመቁጠርዎ በፊት የሚጣሉ አሉ። የእያንዳንዱ አጋማሽ የመጨረሻ 2 ደቂቃ፣ ልዩነቱ ከ16 ነጥብ በላይ የሆነበት ጊዜ፣ ሦስተኛ ሙከራ ከ8 ያርድ በላይ የቀረው። በእነዚህ ጊዜያት ማንም አስተባባሪ አንድ ዓይነት ነው የሚጠራው፤ ካልተጣሉ ውጤቱን ያዛባሉ። ኳርተርባኩ ከስናፕ በኋላ ሩጫ ወይም ውርወራ የሚመርጥባቸውን ቅንብሮችም ለብቻ ይመዝግቡ፤ ጥሪው ሁለቱንም ስለሆነ እንደ ሩጫ ከቆጠሩት አስተባባሪውን ያለ ጥፋቱ ይከሱታል። ኢግልስ ላይ ይህ ስህተት በብዛት ይሠራል።

ስኬትን ለመለካት በመጀመሪያ ሙከራ ከሚያስፈልገው 40 በመቶ፣ በሁለተኛ 60 በመቶ፣ በሦስተኛና በአራተኛ 100 በመቶ የሚለውን የተለመደ መለኪያ ይጠቀሙ፤ በ10 ያርድ የመጀመሪያ ሙከራ 4 ያርድ ስኬት ነው። ከዚያ ሁለቱን ያገናኙ። አንድ አሰላለፍ ከ75 በመቶ በላይ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ እና ስኬቱ ዝቅተኛ ከሆነ ያ የሚጠገን ምልክት ነው። አጋድሎም ከተሳካ ይተዉት፤ ኸርትስን ከኋላ ገፍተው 1 ያርድ የሚያስገቡበት ቅንብር ዓለም ሁሉ እያወቀው ዓመታት ሠርቷል፤ በሜይ 2025 የቡድን ባለቤቶች እንዲታገድ ድምፅ ሲሰጡ 22 ደግፈው ከሚያስፈልገው 24 ጎድሎ ነው የተረፈው። ከአንድ ግጥሚያ ፍርድ አይስጡ። ከአንድ አሰላለፍ 6 ቅንብር ብቻ ካለዎት ቁጥሩ ምንም አይናገርም፤ ቢያንስ የአራት ግጥሚያ ድምር ያስፈልጋል።

ለ2026 ኢግልስ የቀጠሩት ሾን ማንየን ነው፤ በራምስና በቫይኪንግስ የተጫወተ የቀድሞ ኳርተርባክ፣ በ2025 የግሪን ቤይ ኳርተርባኮች አሰልጣኝ። በኤንኤፍኤል ጥሪ ይዞ አያውቅም። ያደገበት ሥርዓት ኳርተርባኩን ከሴንተሩ ስር የሚያቆም፣ ወደ ጠርዝ የሚዘረጋ ሩጫ የሚሮጥ፣ ከዚያው አሰላለፍ ሩጫ አስመስሎ የሚወረውር ነው። በወረቀት ላይ ይህ ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች ሁለቱን በቀጥታ ይመታል። ዋጋውም አለ፤ ኸርትስ ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ ኳሱን ካስመሰለ በኋላ ዞሮ በአጭር ጊዜ ሜዳውን ማንበብ ይኖርበታል፤ ይህ እስካሁን በብዛት የሠራው ሥራ አይደለም። በእግሩ የሚያስገኘው የቁጥር ብልጫም ከሾትገን ሲወጣ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ስታውትላንድ ከመስመሩ አሰልጣኝነት ለቅቋል፤ አዲሱ ሩጫ የሚጠይቀው የጎን እርምጃ ለማይላታና ለጓደኞቹ በአዲስ አሰልጣኝ የሚገባ ይሆናል። በሴፕቴምበር ከሴንተሩ ስር የተነሱትን ቅንብሮች ለብቻ ቆጥረው ስንቱ ሩጫ ስንቱ ውርወራ እንደሆነ ይመዝግቡ፤ ከአስሩ ስምንቱ ሩጫ ከሆኑ አሰላለፉ ተቀይሮ ምልክቱ ቀርቷል ማለት ነው።